ለራዲዮ ቃለ መጠይቅ የሚሆን መቅረጸ ድምፅ እንዴት ይመረጣል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። የተነገረ ቃል አይመለስም፤ ካልያዙትም ነፋስ ይወስደዋል። ጽሕፈት ቃሉን ይይዛል፤ ነገር ግን የተናጋሪውን ትንፋሽ፥ ሳቁን፥ ሲያመነታ ዝም የሚልበትን ጊዜ፥ ልቡ ሲነካ የድምፁን መንቀጥቀጥ አይይዝም። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ የሚያቆየው መቅረጸ ድምፅ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1898 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ በፎኖግራፍ የተቀረጸ የሰላምታ መልእክት ላኩ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1899 በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ መልእክት ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ስለ ነበር ጠፋ፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይሰማል። እንግዲህ የሁለቱ መልእክት ዕድል የተለያየው በተናጋሪዎቹ ክብር ማነስና መብለጥ አይደለም። አንዱን የሚያስቀምጥ ሰው ተገኘ፤ ሌላውን ግን አልተገኘም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የሰውን ድምፅ ይዞ ለማስቀመጥ ንጉሥ ወይም አምባሳደር መሆን አያስፈልግም። ምናልባት እርስዎ በዩኒቨርሲቲዎ ራዲዮ የሚያገለግሉ ተማሪ ይሆናሉ፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥረው ለሳምንቱ የራዲዮ ፕሮግራም የገበሬዎችንና የባለሙያዎችን ቃል እንዲያመጡ ታዝዘው ይሆናል፤ ወይም ማንም ሳያዝዎ የሰፈርዎን አዛውንቶች ታሪክ ለመያዝ ቆርጠው ተነሥተው ይሆናል። በሦስቱም መንገድ የሚገጥምዎ ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

ጥያቄው እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ደኅና መሣሪያ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የብዙ ጊዜ ቁጠባ ሊጠይቅ ይችላል። ከገንዘቡም የሚበልጥ ነገር አለ። አንዲት የሰማንያ አምስት ዓመት እናት ስለ ልጅነታቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጫውቱዎት ውለው፥ ቤትዎ ገብተው መሣሪያውን ሲከፍቱ የሚሰማዎ የነፋስ ጩኸትና የጎረቤት ውሻ ብቻ ቢሆን ምን ያደርጋሉ? «እማማ፥ እንደገና ይንገሩኝ» ብሎ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ የሚነገር ታሪክ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ሳቁም ይቀዘቅዛል፥ እንባውም ይደርቃል። አንዳንድ ጊዜም የሚመለሱበት ቤት ለቅሶ ቤት ሆኖ ይቆያል።

ከሰም እስከ ሚሞሪ ካርድ

ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖውልሰን በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኃይል የሚይዝ መሣሪያ አወጣ። በ1935 በበርሊን የራዲዮ ኤግዚቢሽን ማግኔቶፎን የተባለው ባለ ቴፕ መኪና ለሕዝብ ታየ። እነዚህ መኪናዎች ከባዶች ስለ ነበሩ ተናጋሪው ወደ መኪናው ይመጣ ነበር እንጂ መኪናው ወደ ተናጋሪው አይሄድም ነበር። በ1951 ግን ከፖላንድ የመጣው ስቴፋን ኩደልስኪ በስዊስ አገር ናግራ የተባለውን፥ በትከሻ የሚንጠለጠል መቅረጸ ድምፅ ሠራ። ናግራ ማለት በፖላንድ ቋንቋ «ይቀርጻል» ማለት ነው። በ1963 የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን፥ በ1992 ደግሞ ሶኒ ሚኒዲስክን አመጡ።

በዛሬው ዲጂታል መሣሪያ ውስጥ የሚሽከረከር ቴፕም ሆነ ሞተር የለም። መሣሪያው የድምፁን ሞገድ በየሰኮንዱ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ ያህል ይለካና ልኩን በቁጥር ጽፎ እንደ ጥፍር በምታንስ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጠዋል። ቁጥር እንደ ቴፕ አይላላም፥ አይበጠስም፤ ግልባጩም ከዋናው አንዳች አያንስም። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ መሣሪያው የሚጽፈው የሰማውን ብቻ ነው። የሰማው ነፋስ እንደ ሆነ ነፋሱን በታላቅ ታማኝነት ጽፎ ያስቀምጥልዎታል።

በመጀመሪያ ሥራዎን ይወቁ

ብዙ ሰዎች ሱቅ ገብተው «ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ጫማ ሻጭን «ከሁሉ የሚሻለው ጫማ የቱ ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ለዳገት ነው? ለሠርግ ነው? ለጭቃ ነው?

ስለዚህ አስቀድመው ለራስዎ እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ። የማነጋግረው ሰው አንድ ነው ወይስ ብዙ? በቢሮ ውስጥ ነው ወይስ በገበያ፥ በአውቶቡስ ተራና በእርሻ ላይ? መብራት ካለበት ቦታ ርቄ ስንት ቀን እቆያለሁ? ቆሜ ነው የምቀርጸው ወይስ ተቀምጬ? የቀረጽኩትን የሚያስተካክለው ባለሙያ አለ ወይስ እኔው ነኝ? መልሶቹን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሻጩ ሃያ ዓይነት መሣሪያ ደርድሮ ሲያሳይዎ ከማያስፈልግዎ ነገር የሚያድንዎ ይህ ወረቀት ነው። ለሙዚቃ ባንድ የተሠራ፥ ስድስትና ስምንት ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ የሚቀበል መሣሪያ ለአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ሸክም ብቻ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ማይክሮፎኑ

አሁን የምንነግርዎ ነገር መሣሪያ ሻጮችን ደስ አያሰኝ ይሆናል። የቃለ መጠይቅን ጥራት ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የሚወስነው ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ ያለው ርቀት ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ኃይል በስድስት ዲሲቤል ይቀንሳል። ማይክሮፎንዎን ከእንግዳዎ አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግተው ቢይዙና ጓደኛዎ ደግሞ መሣሪያውን 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ፥ የጓደኛዎ ማይክሮፎን የሚያገኘው ድምፅ ከእርስዎ በ12 ዲሲቤል ያህል ያነሰ ነው። የክፍሉ ጋጋታ፥ የፍሪጁ ጉርምርምታና የመንገዱ ጡሩምባ ግን ለሁለታችሁም እኩል ይገባል። ጓደኛዎ የእንግዳውን ድምፅ ለማጉላት ሲሞክር ፍሪጁንም አብሮ ያጎላዋል።

ስለዚህ በርካሽ መሣሪያ አጠገብ ሆኖ የቀረጸ ሰው፥ በውድ መሣሪያ ከሩቅ ሆኖ ከቀረጸው ይበልጣል። መሣሪያ ሲመርጡም የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ከውጭ የሚሰካ ማይክሮፎን ይቀበላል ወይ?» የሚል ይሁን። መሰኪያ የሌለው መሣሪያ ለማስታወሻ ይጠቅም ይሆናል፤ ለራዲዮ ግን አይመከርም።

ለቃለ መጠይቅ የሚሆኑ ማይክሮፎኖች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው፥ በእጅ የሚያዘው የዘጋቢ ማይክሮፎን ነው። ከዚህ ወገን ከየአቅጣጫው እኩል የሚሰማው ዓይነት በራዲዮ ሰዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ የኤሌክትሮ ቮይስ አር ኢ 50 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ነፋስንና የእጅ ንክኪን ይችላል፤ በጥያቄና በመልስ መካከል ወደ ራስዎና ወደ እንግዳው ሲያዞሩት አቅጣጫው ትንሽ ቢሳሳትም ድምፁ አይጠፋም። ከፊት ብቻ የሚሰማው ዓይነት ግን የጎኑንና የኋላውን ጫጫታ ስለሚቀንስ በገበያ መካከል ይረዳል፤ አያያዙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሁለተኛው፥ ኮሌታ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሹ ማይክሮፎን ነው። እንግዳው ማይክሮፎን አፍንጫው ሥር ሲደቀንበት የሚደነግጥ እንደ ሆነ ይህ መልካም ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል፤ ወጉም ይፈታል። ነገር ግን ጋቢና ነጠላ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ልብሱ በማይነካበት ቦታ ያድርጉት። አስቀድመውም የእንግዳውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ለአዛውንት ሰው ራሳቸው እንዲያደርጉት አሳይቶ መስጠት ጨዋነት ነው።

ሦስተኛው፥ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራው ነው። ብዙዎቹ ስቴሪዮ ናቸውና የአካባቢን ድምፅ፥ ለምሳሌ የበዓል እልልታን፥ የወፍጮ ቤትን ወይም የገበያን ሁካታ ለመያዝ ጥሩ ናቸው። ለንግግር ግን መሣሪያውን በእጅ ይዘው ሲቀርጹ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል።

መሰኪያውን ይመርምሩ

በመሣሪያዎች ላይ ሁለት ዓይነት የማይክሮፎን መሰኪያ አለ። አንዱ ኤክስ ኤል አር የሚባለው ወፍራሙ፥ ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ ነው። ሽቦው የውጭ ጣልቃ ገብ ድምፅ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ረጅም ቢሆንም የመብራት መሥመርን እምምታ እምብዛም አይስብም። መሰኪያውም ይቆለፋል፤ እንግዳው እግሩን ሲያንቀሳቅስ አይነቀልም። ሁለተኛው እንደ ጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀጭን የሆነው፥ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ይህ ያላቸው መሣሪያዎች ያነሱና የረከሱ ናቸው፤ ለአጭር ሽቦም በቂ ነው። ነገር ግን ሶኬቱ እየላላ ሲሄድ መንኮሻኮሽ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግር ትንሽ ነገር አለ። ለስልክ የተሠራ የኮሌታ ማይክሮፎን ቀጭን መሰኪያው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበቶች አሉት፤ ለመቅረጸ ድምፅ የተሠራው ግን ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ በሌላው ሶኬት ገብቶ ሙሉ በሙሉ ይቀመጣል፤ ሆኖም ድምፅ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቀለበቶቹን ይቁጠሩ፤ ካልተስማሙም ማገናኛውን አብረው ይግዙ።

ሌላው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ምግብ ነው። ኮንደንሰር የሚባሉት ማይክሮፎኖች ያለ ኤሌክትሪክ አይሠሩም፤ ትላልቆቹ በኤክስ ኤል አር በኩል 48 ቮልት ይፈልጋሉ፥ ትንንሾቹ ደግሞ በቀጭኑ መሰኪያ በኩል ጥቂት ቮልት ይበቃቸዋል። ዳይናሚክ የሚባሉት ግን ምንም አይፈልጉም። ያሰቡት ማይክሮፎን የሚፈልገውን ቮልት መሣሪያው መስጠቱን ሳያረጋግጡ ገንዘብዎን አይክፈሉ።

እሽሽ የሚለው ድምፅ

ከማይክሮፎን የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ ደካማ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ይህን ደካማ ኃይል የሚያጎላ ክፍል አለ። በርካሽ መሣሪያ ይህ ክፍል ድምፁን ሲያጎላ የራሱን እሽሽታ ይጨምርበታል፤ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ከቀረጹት ንግግር ሥር ምጣድ ላይ እንደ ተጣደ ውሃ ሲንሸዋሸው ይሰማል።

ይህ ችግር ይበልጥ የሚታየው ከፍ ብለን ባመሰገንነው የዘጋቢ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰጠው ኃይል ከኮንደንሰሩ ያነሰ ስለ ሆነ ማጉያው 50 ወይም 60 ዲሲቤል ያህል እንዲያጎላው ይፈልጋል። ስለዚህ መልካም የዘጋቢ ማይክሮፎን ገዝተው ከደካማ መሣሪያ ጋር ቢያጋጥሙት ሁለቱም ይወቀሳሉ። ዳይናሚክ ማይክሮፎን የሚወዱ ከሆነ ማጉያው ጸጥተኛ የሆነ መሣሪያ ይምረጡ፤ መሣሪያዎ ትንሽና ርካሽ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛ ድምፅ የሚሰጥ ኮንደንሰር የኮሌታ ማይክሮፎን ይሻለዋል። ጋብቻቸውን ማየት ነው።

የድምፁ ልክ

በቴፕ ዘመን ድምፁ ትንሽ ከልክ ቢያልፍ ቴፑ በመጠኑ ይታገሠው ነበር። ዲጂታል ግን ትዕግሥት የለውም፤ ዜሮ ከተባለው መስመር ያለፈው ሁሉ ጫፉ ይቆረጣል፥ ድምፁም ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ይህን የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መለኪያው ላይ ከፍተኛው ንግግር ከዜሮ 12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲደርስ ያድርጉ። እንግዳው ሲስቅ ወይም ሲቆጣ የሚወጣበት ቦታ ይተዉለት።

መሣሪያው ድምፁን በራሱ እያስተካከለ እንዲቀርጽ የሚያደርግ መንገድም አለ። ይህ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳው ዝም ባለ ቁጥር መሣሪያው የክፍሉን ጫጫታ ከፍ ያደርገዋል፤ ሲናገር መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በራዲዮ ሲሰማ ክፍሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ስለዚህ ልኩን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት መሣሪያ፥ ይልቁንም የሚዞር ቁልፍ ያለው፥ ይሻላል።

በቅርብ ዓመታት ለዚህ ችግር አዲስ መድኃኒት መጥቷል። ባለ 32 ቢት ፍሎት የሚባለው አቀራረጽ ሹክሹክታንም ጩኸትንም ሳይቆርጥ ስለሚይዝ ልኩን በኋላ ቤት ሆኖ ማስተካከል ይቻላል። ዙም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2019 ኤፍ 6 በተባለው መሣሪያው፥ በ2024 ደግሞ ኤሴንሻል በተባሉት ትንንሽ መሣሪያዎቹ ላይ አውጥቶታል። እነዚህ የ2024 መሣሪያዎች ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ምናሌውን በድምፅ የሚያነቡ ናቸው። ለጀማሪ ትልቅ ረድኤት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አይርሱ። ማይክሮፎኑ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተጮኸበት 32 ቢትም አያድነውም፤ የማይክሮፎንንም ርቀት አይተካም። ሩቅ የተቀረጸ ድምፅ ሲጎላ ቅርብ አይሆንም።

ፋይሉና ካርዱ

መሣሪያው ድምፁን በዌቭ ወይም በኤም ፒ 3 ፋይል ያስቀምጣል። ዌቭ ሳያሳንስ ሁሉን ይይዛል፤ ኤም ፒ 3 ቦታ ለመቆጠብ ጆሮ አያውቀውም ያለውን ይጥላል። ሲቆርጡና ሲቀጥሉ፥ ራዲዮ ጣቢያውም እንደገና ሲያሳንሰው፥ ከተጣለው ላይ ይጣላል። ስለዚህ ሲቀርጹ በዌቭ ይቅረጹ፤ ለጓደኛ ሲልኩ ኤም ፒ 3 ያድርጉት።

የቦታ ነገር አያሳስብዎ። በ48 ኪሎኸርዝ፥ በ16 ቢት፥ በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንግግር የሚወስደው 346 ሜጋባይት ያህል ነው። በ32 ጊጋባይት ካርድ ላይ 90 ሰዓት ያህል ይገባል ማለት ነው። ኤም ፒ 3 በ128 ኪሎቢት ቢሆን ሰዓቱ 58 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የዚህ ሁሉ ቁጠባ ጥቅም ካርድ ውድ በነበረበት ዘመን ነበር።

ካርድ ሲገዙ ግን ዓይንዎን ይክፈቱ። በላዩ የተጻፈው መጠን ሐሰት የሆነ ካርድ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል፤ ጥቂት ሰዓት ከያዘ በኋላ ቀሪውን ያጠፋዋል። ስለዚህ አዲሱን ካርድ በመሣሪያው ውስጥ ፎርማት ያድርጉና እስኪሞላ ድረስ ቀርጸው መጨረሻውን ያዳምጡ። መሣሪያው ምን ያህል መጠን ያለው ካርድ እንደሚቀበልም ይጠይቁ፤ የቆዩት ከ32 ጊጋባይት በላይ ላይቀበሉ ይችላሉ።

የባትሪ ነገር

መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዶቹ በየሱቁ የሚገኘውን የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳሉ፤ ሌሎቹ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋሉ። በከተማ ለሚሠራ ሰው ቻርጅ የሚደረገው ይቀላል። መብራት ወደሚጠፋበት ወይም ጨርሶ ወደሌለበት ቦታ ለሚሄድ ሰው ግን የባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰው ይሻላል፤ በገጠር ከተማ ሱቅም አይታጣምና። ሆኖም ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም ጥሩውን ይግዙ፤ ሁልጊዜም አንድ ሙሉ ቅያሪ በኪስዎ ይኑር።

ልብ ይበሉ፤ ባትሪው በመካከል ቢያልቅና ፋይሉ በሥርዓት ሳይዘጋ ቢቀር፥ በአንዳንድ መሣሪያ የቀረጹት ሁሉ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ረጅም ጨዋታ ሲሆን በየሠላሳ ደቂቃው፥ እንግዳው ቡና ሲቀዳላቸው ወይም ውሃ ሲጠጡ፥ ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። ቢጠፋ አንዱ ክፍል ይጠፋል እንጂ ሁሉም አይጠፋም።

ስልኬ አይበቃም ወይ?

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዛሬ ስልክ ደኅና የኮሌታ ማይክሮፎን ተሰክቶበት፥ በጸጥታ ክፍል ውስጥ፥ ለራዲዮ የሚበቃ ድምፅ ይቀርጻል። ገንዘብ እስኪጠራቀም በዚህ ይጀምሩ፤ ሥራ አይፍቱ። ነገር ግን ስልክ ሲደወልበት ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከኔትዎርክ አውጥተው ይጠቀሙበት። ሲቀርጽ የሚገባውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መከታተል በብዙ ስልኮች አስቸጋሪ ነው፤ ልኩን የሚያስተካክል ቁልፍም የለውም። የተለየ መሣሪያ የሚገዛውም ስለዚሁ ነው፤ ሥራው አንድ ብቻ ነው፥ ያንኑም ሳይዘናጋ ይሠራል። የተለየ መሣሪያ ከገዙም በኋላ ስልኮችን ከማይክሮፎኑ ያርቁ፤ መልእክት ሲመጣ የሚፈጥሩት ጥርርርታ በቀረጻው ውስጥ ይገባልና።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ሻጩ ቢቻኮልም እርስዎ አይቸኩሉ። የራስዎን ጆሮ ማዳመጫ፥ ማይክሮፎን፥ ካርድና የባትሪ ድንጋይ ይዘው ይሂዱና የሚከተለውን ያድርጉ።

አንደኛ፤ ማይክሮፎኑን ሰክተው አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቅረጹ፤ ከዚያ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቀስ ብለው ይናገሩ። መልሰው ሲያዳምጡ በዝምታው ውስጥ ያለው እሽሽታ ከንግግርዎ ጋር የሚፎካከር ከሆነ መሣሪያውን ይተዉት።

ሁለተኛ፤ ሽቦውን በሶኬቱ ውስጥ በቀስታ ያነቃንቁ። ከተንኮሻኮሸ አሮጌ ነው ወይም ሥራው ልል ነው። ያገለገለ መሣሪያ ሲሆን የባትሪውንም ቤት ከፍተው ዝገትና የፈሰሰ አሲድ እንደሌለበት ይመልከቱ።

ሦስተኛ፤ ለመቅረጽ ስንት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልግ ይወቁ። በአንዳንድ መሣሪያ ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይዘጋጃል እንጂ አይቀርጽም፤ የሚቀርጸው ሁለተኛ ሲጫኑት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ብልጭ የሚል መብራት ፊት ተቀምጦ ምንም ሳይዝ ይመለሳል። ሰዓት ቆጣሪው መሮጡን ማየት ልማድ ያድርጉ።

አራተኛ፤ ወደ በሩ ወጥተው ጽሑፉ በፀሐይ መነበቡን ይዩ። በእርሻ ላይ ጥላ የሚይዝልዎ ሰው አያገኙም።

አምስተኛ፤ ቁልፎቹን የሚቆልፍ ማብሪያ መኖሩን ይጠይቁ። በኪስ ውስጥ ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ጠላት ነው።

ገንዘብዎን እንዴት ያከፋፍሉ?

የጀማሪ ስሕተት ገንዘቡን ሁሉ ለመሣሪያው አውጥቶ ለማይክሮፎኑና ለጆሮ ማዳመጫው አለማስቀረት ነው። ከያዙት ገንዘብ ግማሹ ለመሣሪያው፥ ቀሪው ለማይክሮፎን፥ ጆሮን ለሚሸፍን ማዳመጫ፥ ለነፋስ መከላከያ ስፖንጅ፥ ለቅያሪ ካርድና ለባትሪ ቢሆን የተሻለ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ሳያደርጉ መቅረጽ ዓይን ጨፍኖ ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ነው።

ብቻዎን ካልቻሉ ደግሞ መላው አለ። ሦስት አራት ተማሪዎች ወይም የአንድ ክፍል ሠራተኞች ዕቁብ ገብተው አንድ ሙሉ ዕቃ በጋራ ይገዛሉ፤ በተራም ይጠቀሙበታል። አንድ ደኅና መሣሪያ በሳምንት ሦስት ቃለ መጠይቅ ቢሠራ አይደክምም፤ አራት ደካማ መሣሪያ ግን አራት ሰው ያሳዝናል። የተራውን ሰሌዳ፥ ዕቃውን ማን እንደሚይዝና ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ ግን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ወዳጅነት እንዳይበላሽ።

ከገዙ በኋላ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አዲሱን መሣሪያ ይዘው በማግሥቱ ወደ ትልቅ ሰው ቤት አይሂዱ። አንድ ሳምንት በቤትዎ ይለማመዱበት፤ ታናሽ እኅትዎን ስለ ትምህርት ቤትዋ፥ አባትዎን ስለ ሥራቸው ይጠይቁ። መብራት አጥፍተው በጨለማ ቁልፎቹን በጣትዎ ይፈልጉ። የቀረጹትን ሁሉ ያዳምጡ፤ ጆሮ የሚሠለጥነው በዚህ ነው።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ቀደም ብለው ይድረሱና ክፍሉን ያዳምጡት። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ምንጣፍ፥ መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ግን ድምፅን ይውጣል፤ ስለዚህ ከሳሎን ይልቅ መኝታ ቤት ሊሻል ይችላል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ከሆነና ወራቱ ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ አይቀጥሩ፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያሸንፍ ማይክሮፎን የለም። ፍሪጁን በባለቤቱ ፈቃድ ለጥቂት ጊዜ ያጥፉት፤ ሲሄዱ መልሰው ማብራትዎን እንዳይረሱ ግን የቤትዎን ቁልፍ በላዩ ያስቀምጡ።

ከዚያ ለእንግዳው ምን እንደሚቀርጹና የት እንደሚሰማ በግልጽ ነግረው ፈቃዳቸውን ያግኙ። በቀረጻው መጀመሪያ ቀኑን፥ ቦታውንና የእንግዳውን ስም ይናገሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ፋይሉን ለሚያገኘው ሰው ይህ ብቻ ነው መግቢያው። ጨዋታው ካለቀ በኋላም ከመነሣትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ጸጥታ ይቅረጹ፤ ንግግሩን ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ክፍተቱን የሚሞላው ይህ ነው። ቤት ሲገቡ እራት ሳይቀርብ ፋይሉን በሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ ይህን ሳያደርጉ ካርዱን አያጥፉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ መሣሪያዎች በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ዛሬ በመስኮት ውስጥ የሚያብለጨልጨው ከርሞ አሮጌ ይባላል። አጠገብ መቅረጽ፥ በጆሮ መከታተል፥ ቅያሪ ባትሪ መያዝና በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ግን አያረጁም። ከአቅምዎ ጋር የሚስማማውን፥ ዓይንዎን ጨፍነው ሊያዙት የሚችሉትን ይግዙ። ከዚያም ከሚያውቋቸው አዛውንቶች ሁሉ በዕድሜ የገፉት የትኛዋ ወይም የትኛው እንደሆኑ ያስቡና የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከእርሳቸው ጋር ያድርጉ።